የአባቴ ሰዓት ኦርጅናል ናት ወይስ ፎርጅድ?

ለቅርንጫፉ የጉምሩክ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የቅርንጫፉን ስም አልጽፍም፤ የትኛው እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። በመዝገብ ቤትዎ በኩል 3 ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሁለቱ ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም ተመትቶልኛል። ሦስተኛው ጠፋ፤ «ድጋሚ ጻፍ» ተባልኩ። ይኸው ድጋሚ ጻፍኩ። ይህኛው መዝገብ ቤት ውስጥ አይጠፋም።

አባቴ 31 ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ ተመላልሷል። እጁ ላይ የነበረችው ሴይኮ 5 ከቆመች ቆየች። ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ጋ ወስጃት ሰውየው ከፈታትና ካያት በኋላ መልሶ ገጠማትና «ትረፍ በላት» አለኝ። አባቴ ደግሞ ወጣት ሳለ አንድ አለቃው እጅ ላይ ያየውን ሮሌክስ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራልን የኖረ ሰው ነው። እኔ መምህር ነኝ። ሰብማሪነር የምትባለው የሮሌክስ ዓይነት ኦርጅናሏ ከ9 ሺህ ዶላር በላይ ነው የምትሸጠው። ስለዚህ አቅሜ የፈቀደውን ፎርጅድ አዘዝኩ። ዱባይ ያለች እህቴ በካርዷ ከፈለችልኝ፦ ሰዓቷ 39 ዶላር፣ ማጓጓዣው 14፣ በድምሩ 53 ዶላር። ለአባቴም አልደበቅኩትም። «ታዲያ ከሩቅ ማን ያውቃል?» ነው ያለኝ።

ዕቃው ደርሷል ተብሎ ተደወለልኝና መጣሁ። ኢንቮይሱንም የካርድ ክፍያውን ማስረጃም ይዤ ነበር። ዋጋ የሚተምነው ልጅ ሁለቱንም ወደ ጎን ገፋ አደረጋቸው። የሰዓቷን ፊት አየ፣ የሮሌክስ ምልክት የሆነውን ዘውዷን አየ፣ ኮምፒውተሩን ጠቅ ጠቅ አደረገና «240 ዶላር» አለ።

«በ53 ነው የገዛኋት» አልኩት።

«በ53 ዶላር ሮሌክስ የለም» አለኝ።

ልክ ነው፣ የለም። እኔም ልነግረው የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

በ240ው ቢቆም ጥሩ ነበር። ግን በላዩ ቀረጥ አለ። በሁለቱ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት ይመጣል። ከዚያ ቫቱም ጭምር ተደምሮ በጠቅላላው ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይጣላል። በግብር ላይ ግብር መክፈሉን ከ1999 ጀምሮ ለምደነዋል፣ ስለሱ አላወራም። በ2014 መጨረሻ የተጨመረ 3 በመቶም አለ። ይህ ሁሉ በዶላሩ ምንዛሪ ተባዝቶ ወደ ብር ይቀየራል። ዶላሩ በሐምሌ 2016 ከ57 ብር ተነሥቶ የት እንደገባ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያነበብኩት ቁጥር ከ17 ሺህ ብር በላይ ነው። ደመወዜ አይሞላውም። ለ53 ዶላር ሰዓት!

ሕጉን ለእርስዎ ላስተምር አልመጣሁም። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006ን እኔ ያነበብኩት ይህ ጣጣ ስለደረሰብኝ ነው፤ ለእርስዎ ግን እንጀራዎ ነው። ዋጋ ሲተመን መጀመሪያ የሚታየው ገዢው የከፈለው ገንዘብ ነው። እሱ ካልታመነ ነው ወደ ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ የሚኬደው። ተመሳሳይ ማለት ደግሞ መልኩ የተመሳሰለ ማለት አይደለም፤ ጥራቱና ስሙም ይታያል። እስቲ የእኔዋን ሰዓት ያንሷትና ይመልከቷት። በባትሪ ነው የምትሠራው፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ቀጭ ትላለች። የኦርጅናሏ ሰከንድ ቆጣሪ በሰከንድ 8 ጊዜ ነው የሚራመደው፤ ለዓይን ሲታይ የሚንሸራተት ነው የሚመስለው። ይህን ለመለየት ስዊዘርላንድ ሄዶ መማር አያስፈልግም። 2 ሰከንድ ቆሞ ማየት ይበቃል።

እናም ቁጭ ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ያስመጣሁት ሰዓት ሮሌክስ ሳይሆን የሮሌክስ ኮፒ ስለሆነ፣ በከፈልኩት 53 ዶላር ልክ ተሰልቶ ቀረጤን እንድከፍል እጠይቃለሁ።» ልብ ይበሉ፣ አልከፍልም አላልኩም። ልክፈል ነው ያልኩት።

በ9ኛው ቀን «ና» ተባልኩ። ተስተካክሎልኛል ብዬ ብሩን ሁሉ ይዤ መጣሁ። የሰጡኝ ወረቀት ግን ሰዓቷ «የሌላን ድርጅት የንግድ ምልክት የያዘች ሐሰተኛ ዕቃ በመሆኗ» መያዟን የሚያስታውቅ ነው። በምን አረጋገጣችሁ ብል፣ ማስረጃው ከጀርባ ተያይዟል። ገለጥኩት። የራሴ ማመልከቻ ነው። ያ ዋጋ የሚተምነው ልጅ «በራስህ እጅ ጽፈህ የለ?» አለኝ። እየሳቀ አልነበረም፣ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ሁለቱን ወረቀቶች አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ። በመጀመሪያው ላይ «የእጅ ሰዓት፣ ሮሌክስ፣ 240 ዶላር» ይላል። በሁለተኛው ላይ «የእጅ ሰዓት፣ ሐሰተኛ»። ፊርማው የአንድ ሰው ነው። ማኅተሙም ያው ነው።

ፎርጅድ ማስመጣት ጽድቅ ነው እያልኩ አይደለም። የንግድ ምልክት አዋጅ ከ1998 ጀምሮ አለን። ለግል መጠቀሚያ የምትላክን አንዲት ፍሬ ዕቃ አገሮች እንዳላየ ሆነው እንዲያልፏት የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ይፈቅዳል፤ ግን አያስገድድም፣ ስለዚህ በዚህ አልከራከርም። ትያዝ ካላችሁ ትያዝ። ግን ያኔውኑ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ልጁ ዘውዷን ባየበት ሰዓት ለምን አልተያዘችም? ዝም ብዬ 17 ሺውን ብቆጥር ኖሮ ዛሬ አባቴ እጅ ላይ ነበረች፤ ያውም ጉምሩክ ክርስትና ያነሳት ሮሌክስ ሆና። ስትቀረጥ ኦርጅናል፣ ስትወረስ ፎርጅድ። ሁለቱንም መሆን አትችልም። አንዱን ምረጡልኝና በዚያው እንጣላ።

ቅሬታዬን ይዤ ያልገባሁበት ቢሮ የለም። የቡድን መሪው «ኮሚቴ ነው የሚያየው» አሉ። ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ነበር። በሳምንቱም ስብሰባ ላይ ነበር። አንድ ቀን የእርስዎ ጸሐፊ አዘነችልኝና «ወንድሜ፣ ለአንድ ሰዓት ይህን ያህል ከምትመላለስ ብትተወው ይሻልሃል» አለችኝ። የታክሲውን ሒሳብ ሳሰላው እሷም እውነቷን ነው። በመጨረሻ የመጣው ግን ከሁሉም ይብሳል፦ ቅሬታዬ እስኪታይ ሰዓቷ ለተቀመጠችበት የመጋዘን ኪራይ እንድከፍል ተጠየቅኩ። ወሰዳችኋት፤ የማታስረክቡኝን ዕቃ የቤት ኪራይ ደግሞ እኔ ልክፈል?

ደሞ መርካቶ ሄደው ያውቃሉ ብዬ አልጠይቅዎትም። የእኔዋ እህቶች እዚያ በየመስታወቱ ሥር ተደርድረዋል፤ በየመንገዱ ዳርም ጨርቅ ላይ ተዘርግተዋል። እነሱ ከሰማይ አልዘነቡም። በኮንቴይነር ሲሆን የማይታይ ዘውድ በትንሽ ካርቶን ሲሆን እንዴት ወለል ብሎ እንደሚታይ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። ያ ልጅ ራሱ፣ ወረቀቱን ሲፈርም እጁ ላይ የወርቅ ቅብ ሮሌክስ አድርጓል። ሰከንድ ቆጣሪዋን አይቼላታለሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ነው የምትለው። ቀረጧን በስንት ዶላር ሒሳብ እንደከፈለባት ልጠይቀው ነበር፤ ፈራሁ።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። የተወረሰ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ እናያለን። የእኔዋስ? ትወገዳለች ከተባለ ስትወገድ ልየው፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ለሐራጅ ከወጣች ግን መነሻ ዋጋዋ በስንት ነው የሚጻፈው? በ240 ነው በ53?

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ወይ የመጀመሪያው ወረቀት ስሕተት ነበር ተብሎ በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ ወይ ሁለተኛው። የኪራዩ ነገርም ይሰረዝልኝ። አባቴ በየሳምንቱ «ደረሰች?» ይለኛል። «ጉምሩክ ናት» እለዋለሁ። ባለፈው እሑድ ቡናውን ፉት እያለ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይህን ያህል ካቆዩዋት፣ ልጄ፣ እውነተኛ ሳትሆን አትቀርም።»

ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በርዎ ላይ እገኛለሁ። እንደ እስካሁኑ ይረፍድብዎት ይሆናል፤ ስንት ሰዓት እንዳስጠበቁኝ በስልኬ እያየሁ እቆያለሁ።

አክባሪዎ፣
ሦስተኛ ማመልከቻው የጠፋበት መምህር