ለኬጂ ልጅ ደረጃ ምን ያደርግላታል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የኬጂ ማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር ነው። ጀሞ እኔ ባለሁበት ኮንዶሚኒየም ሰሞኑን ማታ ማታ የሚሰማው የልጅ ለቅሶና የእናት ቁጣ ነው። የኬጂ ልጆችን በወረቀት መፈተንና ደረጃ ማውጣት እንዲቀር ስለምፈልግ ነው የምጽፍላችሁ።

ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ኬጂ 3 ናት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ቤቴ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሲንጀሬ አጠገብ ትቀመጣለች። ጨርቅ ስለካ የሜትሩን ቁጥር አንብባ የምትነግረኝ እሷ ናት። ከ46 በፊት ስንት እንዳለ ብጠይቃት ወዲያው ትመልሳለች። ባለፈው ሴሚስተር ግን ሒሳብ ላይ "ቢፎር፣ አፍተር፣ ቢትዊን" የሚሉትን ግማሹን ስታ መጣች። ቁጥሩ ጠፍቷት አይደለም። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ማንበብ አትችልም። የእንግሊዝኛው ፈተና ላይ የበረዶ ቤት ሥዕል አለ። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፉ ነው የሚለው። ልጄ ቤት አየች፣ "ኤች" ጻፈች። የተፈለገው "አይ" ነበር፤ ኢግሉ ለማለት። ኤክስ ገባባት። የአዲስ አበባ ልጅ በረዶ የምታውቀው ከዝናብ ጋር ሲወርድ ነው፤ ቤት ሲሠራበት የት አይታ?

ካርዷ ላይ "17ኛ" ተጻፈ። "እማዬ፣ 17ኛ ሰነፍ ነው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ፈተና ባለ ጠዋት ሆዴን ትላለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምንም የለባትም ተባለ።

መምህርቷን አነጋገርኳት። ወጣት ናት፣ ልጆቹን ትወዳለች፣ ምንም አልደበቀችኝም። "ደረጃ የሌለው ካርድ ብንሰጥ ወላጅ ልጁን አስወጥቶ ሌላ ቦታ ያስገባል" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ወላጅም ዝም ብሎ አልፈራም። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም አልተሻሻለም። ይህን የሰማች ጎረቤቴ "ከአሁኑ ካልለመደ" ብላ ለአራት ዓመት ልጇ አስጠኚ ቀጥራለች። ግን እነዚያ ልጆች የወደቁት ፈተና ስላልለመዱ ነው እንዴ? ከታች ክፍል ጀምሮ በየሴሚስተሩ ሲፈተኑ፣ ደረጃ ሲወጣላቸው ነው ያደጉት። የጎደላቸው ሌላ ነው። የእኛ ልጆችም 6ኛና 8ኛ ክፍል ሲደርሱ ይፈተናሉ፤ እሱን አልቃወምም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የ1ኛ ክፍል መግቢያ ፈተና ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ብዬ አንድ የግል ትምህርት ቤት ወስጃት ነበር። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ለብቻዋ አስገብተው ፈተኗት። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። "አላለፈችም" አሉኝ። ምን እንደጠየቋት፣ ምን እንደሳተች ለማየት ወረቀቱን ብለምን አልሰጡኝም። የፎርም መግዣውን ብር ግን ተቀብለዋል። ልታስተምሯት የምትቀበሏትን ልጅ ገና ሳትማር አላወቀችም ብሎ መመለስ ምን ማለት ነው?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ መዋዕለ ሕፃናት ለልጁ ሁለንተናዊ እድገት ነው ይል ነበር። እና መምህርቷ ልጆቹ ሲቆጥሩ፣ ተረት ሲናገሩ፣ ከጓደኛ ጋር ሲጫወቱ አይታ ትጻፍልን። "መቀስ አያያዝ ይቀራታል፣ ለመናገር ታፍራለች" ብትለኝ ቤት ውስጥ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። በ17ኛ ግን ምንም ላደርግበት አልችልም።

ትምህርት ቢሮ የክረምቱ ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ቢከለክልልን፦ የ1ኛ ክፍል መግቢያ ፈተናንና የኬጂ ደረጃን። እናንተ ወላጆችም በወላጅ ስብሰባ ላይ ይህን አንሱ። እኔ በእኛ ትምህርት ቤት አነሳለሁ፤ አብረውኝ የሚናገሩ ሌሎች እናቶችም አሉ።

የአንዲት ኬጂ ተማሪ እናት
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ