የአመራር ቡድናችንን ለምን እንደቀየርን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የክትባት ንድፋችሁን በአደራ ለሰጣችሁን ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ባለፉት ሳምንታት የላካችሁልንን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ አንብበናል። ቅር ያሰኛችሁ ሦስት ነገር ነው፤ ሥራው በ6 ሳምንት መድረሱ ቀርቶ 9 ሳምንት መፍጀቱ፣ ለዓመታት የምታውቁት የሳይንስ ኃላፊያችን ከእንግዲህ ብቻውን «ይላክ» ማለት አለመቻሉ፣ ክፍያውም መጨመሩ። ለውጡን የነገርናችሁ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው፤ ያውም በአራት መስመር ማስታወቂያ። ይህ የእኛ ጥፋት ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔውን ግን አንመልሰውም። «ቢሮክራሲ አበዛችሁ»፣ «ትልቅ ድርጅት ለመምሰል ነው» የሚሉ ቃላት ደርሰውናል፤ አልዋሻችሁም፣ አሳዝነውናል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳናሳጥር እንነግራችኋለን።

እስከ አሁን አንቲጅኑን (የሰውነት መከላከያ እንዲለየው የሚሠራውን የክትባቱን ክፍል) የሚነድፈው፣ የሙከራውን ውጤት የሚያነበው፣ የመላኪያውን ቀን ለእናንተ ቃል የሚገባውና በመጨረሻም የመልቀቂያ ወረቀቱን የሚፈርመው አንድ ሰው ነበር። ድርጅት ትንሽ ሲሆን እንዲህ ይሆናል፤ እንደዚያ እየሠራንም የሚያኮራ ሥራ ሠርተናል። አሁን አመራሩ አምስት ወንበር አለው፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ የሳይንስ ኃላፊ፣ የምርት ሂደት ኃላፊ፣ የጥራት ኃላፊ፣ የፈቃድና የክሊኒክ ጉዳዮች ኃላፊ። ከአምስቱ ብቻውን «አይወጣም» ማለት የሚችለው የጥራት ኃላፊው ነው። እርሱ ያገደውን የሳይንስ ኃላፊው አያስለቅቀውም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔም፣ ባለቤት ብሆንም፣ አላስለቅቀውም።

ነዳፊው ለምን አይፈርምም? ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ንድፉን ለወራት ያሰበበት ሰው ውጤቱን ሲያይ የሚፈልገውን ቀድሞ ያያል። በክትባት ሥራ ደግሞ «ተጣብቋል» እና «ይሠራል» መካከል ያለው ርቀት ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሕፃናትን ለሚያጠቃው አር ኤስ ቪ ለተባለ የመተንፈሻ ቫይረስ በፎርማሊን የተገደለ ክትባት ተሞክሮ ነበር። የተከተቡት ሕፃናት ፀረ እንግዳ አካል አመረቱ። ቫይረሱ ራሱ ሲይዛቸው ግን ካልተከተቡት ይልቅ ጠናባቸው፤ ከተከተቡትም ሁለቱ ሞቱ። ያመረቱት ፀረ እንግዳ አካል ከፕሮቲኑ ጋር ይጣበቃል እንጂ ቫይረሱን አያከሽፍም ነበር። ኤፍ የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ሁለት ቅርጽ አለው፤ ከሰው ሕዋስ ጋር ከመዋሐዱ በፊት ያለው ቅርጽ በቀላሉ ይፈርስና ወደ ሁለተኛው ይለወጣል፤ ኃይለኛው መከላከያ የሚገኘው ግን ከመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግራሃም፣ ፒተር ኳንግና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን ቅርጽ አይተው እንዳይለወጥ የሚቆለፍበትን ዘዴ አሳዩ። በዚያ መንገድ የተሠሩ ክትባቶች ፈቃድ ያገኙት በ2023 ነው።

በእኛ ቤት ይህ ምን ማለት ነው? የኤፍ ፕሮቲን ናሙና ሞታቪዙማብ ከሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ጋር መጣበቁ ስለ ቅርጹ ምንም አይነግረንም፤ ሞታቪዙማብ ሁለቱንም ቅርጽ ይይዛልና። ዲ25 የሚባለው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን እንለካለን፤ ፕሮቲኑ በተጣራበት ቀን፣ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2 ሳምንት ከቆየ በኋላ፣ በ37 ዲግሪ ደግሞ 1 ሳምንት ከቆየ በኋላ። ሞታቪዙማብ እንዳለ ሆኖ ዲ25 ከቀነሰ፣ ፕሮቲኑ አለ፣ ቅርጹ ግን ሄዷል። በተጣራበት ቀን ብቻ ብንለካ ይህ አይታይም። ከተጨመሩት 3 ሳምንታት 2ቱ የሄዱት እዚህ ነው። ቀሪው 1 ሳምንት የኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ የሚመጣ መርዝ) ምርመራው፣ የጥሬ መረጃው በሌላ ዓይን መነበቡና ፊርማው ነው። ሌሎች አንቲጅኖችም እንደየቅርጻቸው ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እስከተገኘ ድረስ በዚሁ መንገድ ያልፋሉ፤ ካልተገኘ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ፕሮቲኑ በሚፈታበት የሙቀት ደረጃ እንተማመናለን።

ኢንዶቶክሲን ላይ ብዙዎቻችሁ «ለአይጥ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ» ብላችኋል። እኛን የሚያስጨንቀን እንዲያውም አይጡ ላይ ነው። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተመረተ ፕሮቲን ከባክቴሪያው ግድግዳ የመጣ ኢንዶቶክሲን ይዞ ይወጣል፤ ኢንዶቶክሲን ደግሞ ራሱ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ ነገር ነው። ደካማ አንቲጅን ጠንካራ መስሎ ይታያል። ንድፉ ንጹሕ ሆኖ እንደገና ሲሠራ ውጤቱ ይወርድና «ሁለተኛው ባች (በአንድ ጊዜ የተመረተው ምርት) ተበላሸ» ይባላል፤ የተበላሸው ግን የመጀመሪያው ነበር። ሰው ላይ ሲደርስ ገደቡ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሰዓት 5 የኢንዶቶክሲን ዩኒት ነው። ከዚያ በፊት ግን የእናንተን ገንዘብና አንድ ዓመት ሊበላ ይችላል።

የምርት ሂደት ኃላፊዋ በአመራር ወንበር ለምን እንደተቀመጠች የጠየቃችሁም አላችሁ። ቀድሞ ሥራው ወደ እርሷ የሚደርሰው ንድፉ ካለቀ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስህተቱ ውድ ሆኗል። ሕዋስ ፕሮቲን እንዲሠራ መልእክት የሚያደርሰውን የኤም አር ኤን ኤ ሥራን ውሰዱ። አብነቱ ፕላዝሚድ (ክብ ዲ ኤን ኤ) ወደ አር ኤን ኤ ከመገልበጡ በፊት ቢኤስፒኪው1 በሚባል ኢንዛይም ከጅራቱ፣ ማለትም በጂኑ መጨረሻ ከተደረደሩት የኤ ፊደሎች፣ በኋላ መቆረጥ አለበት። ይህ ኢንዛይም የሚያውቀው ጂ ሲ ቲ ሲ ቲ ቲ ሲ የሚለውን ተከታታይ ነው። ኮዱን ለማሻሻል የሚሠራው ፕሮግራም ሳያስበው ይህን ሰባት ፊደል በጂኑ መሃል ካስገባው፣ ኢንዛይሙ ጂኑን ለሁለት ይቆርጠዋል፤ የሚወጣው አር ኤን ኤም ጎዶሎ ይሆናል። በሁለቱም የዲ ኤን ኤ ገመድ ላይ መፈለግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተፈለገ ግን የሚጠፋው ሳምንታት ነው።

ጅራቱም የራሱ ጣጣ አለው። ወደ 100 የሚጠጋ ተከታታይ ኤ የያዘ ፕላዝሚድ በባክቴሪያ ውስጥ ሲባዛ ጅራቱ ያጥራል፤ ባክቴሪያው ተደጋጋሚ ነገር ሲገለብጥ ይስታልና። ስለዚህ ባክቴሪያውን በ37 ሳይሆን በ30 ዲግሪ እናሳድጋለን፣ ከአንድ ሳህን ብዙ ቅኝ (አንድ ላይ የበቀለ የባክቴሪያ ክምችት) እንመርጣለን፣ የእያንዳንዱንም ጅራት እንለካለን። ቲ7 የተባለው ገልባጭ ኢንዛይምም ከምንፈልገው ጋር ድርብ ገመድ ያለው አር ኤን ኤ ይጨምርበታል፤ ሕዋሱ ይህን ሲያይ ቫይረስ ገባ ብሎ የፕሮቲን ሥራውን ይዘጋል። በ16 ከመቶ ኢታኖል ውስጥ ሴሉሎስ ላይ ስናሳልፈው ድርብ ገመዱ ሴሉሎሱ ላይ ይቀራል፣ ነጠላው ያልፋል። ይህን እርምጃ ዘለን ብንልክላችሁ በጄል ላይ ያማረ መስመር ታያላችሁ፤ በሕዋስ ውስጥ ግን ፕሮቲን ታጣላችሁ።

አር ኤን ኤው የሚታሸግበት የስብ ቅንጣት ላይ ሲደርስ ደግሞ ትንሽ ነገር ሁሉ ይናገራል። ቅንጣቱ የሚሠራባቸው አራቱ ሊፒዶች (የስብ ዓይነቶች) በኢታኖል ይሟሟሉ፤ የተለመደው የሞላር ድርሻ ቻርጅ የሚቀይረው ሊፒድ 50፣ ዲ ኤስ ፒ ሲ 10፣ ኮሌስትሮል 38.5፣ የፔግ ሊፒድ 1.5 ነው። አር ኤን ኤው ፒ ኤች 4 ባለው በፈር (አሲድነቱን ጠብቆ የሚቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ሆኖ ሦስት እጅ ውኃ ለአንድ እጅ ኢታኖል ይቀላቀላል። ኢታኖሉ ቶሎ ካልወጣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይዋሐዳሉ፤ ያለ ሱክሮስ ከቀዘቀዙም ሲቀልጡ ተጓጉለው ይገኛሉ። ከ80 እስከ 100 ናኖሜትር ስፋት፣ ከ0.2 ያነሰ የስፋት ልዩነት መለኪያ፣ ከ90 ከመቶ በላይ የታሸገ አር ኤን ኤ እንጠብቃለን። እነዚህን ሁሉ ያለፈ ባች እንኳ አንዳንዴ አይሠራም። ቻርጅ የሚቀይረው ሊፒድ ሲያረጅና ኦክስጅን ሲያገኘው አልዴኃይድ የሚባል ኬሚካል ይፈጠራል፤ እርሱም ከአር ኤን ኤው ጋር ተጣብቆ እንዳይተረጎም ያደርገዋል። ይህ በስፋት መለኪያም በማሸጊያ ምርመራም አይታይም፤ ድብልቅን ለይቶ በሚያሳይ ልዩ ክሮማቶግራፊ ብቻ ነው የሚታየው። የጥራት ኃላፊው በቅርቡ ያገዳቸው ባቾች፣ ስልክ ላይ የተቆጣችሁባቸውም፣ ከዚህ ዓይነቱ ነበሩ።

«በ2020 እኮ በ66 ቀን ሰው ተወግቷል» የሚለውን ክርክር ደጋግመን ሰምተናል። እውነት ነው፤ የአዲሱ ኮሮና ቫይረስ ጂኖም እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2020 ገደማ ይፋ ሆነ፤ መጋቢት 16 ደግሞ የመጀመሪያው ሰው የኤም አር ኤን ኤ ክትባት ወሰደ። ነገር ግን ስፓይክ የሚባለውን የቫይረሱን ፕሮቲን የቆለፉት ሁለቱ ፕሮሊኖች (የአሚኖ አሲድ ዓይነት)፣ በ986 እና በ987 ቦታ ላይ የገቡት፣ ቀድሞ ሜርስ በተባለ ሌላ ኮሮና ቫይረስ ላይ ተሠርተው ነበር። አር ኤን ኤው በሰውነት እንዳይጠላ የሚያደርገውን ማሻሻያ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ያወጡት በ2005 ነው፤ ኖቤል ያገኙበትም በ2023። ያ ፍጥነት ከዓመታት በፊት በተሠራ ሥራ ላይ የቆመ ነው።

የፈቃድ ጉዳይ ኃላፊውን ወንበር በአጭሩ እናስረዳ። በአውሮፓ የመልካም አመራረት ሕግ የምርት ኃላፊና የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ አንዱ ከሌላው ነጻ መሆን አለባቸው፤ በአሜሪካ ሕግም የማጽደቅና የመጣል ሥልጣን የጥራት ክፍሉ ነው። የእኛ የንድፍ ሥራ ገና እዚያ ደረጃ ላይ አይደለም። ነገር ግን የእናንተ ንድፍ ሲደርስ፣ መርማሪ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ይጠይቃል፤ ማን እንደነደፈና ማን እንደፈረመ አንድ ስም ቢያገኝ የሚቸገሩት እናንተ ናችሁ።

ስለ ክፍያው። የተሻሻሉት ኑክሊዮታይዶች (የአር ኤን ኤው ፊደሎች)፣ የአር ኤን ኤውን መጀመሪያ የሚሸፍነው የካፕ አናሎግና ሊፒዶቹ ተወደዋል፤ ይህን ለብዙ ጊዜ ከራሳችን እየቻልን ቆይተናል። አዲሱ ጭማሪ ግን በዋናነት የናሙና ዋጋ ነው። ከእያንዳንዱ ባች ለመቆያ ምርመራ የምንወስደውና ለማስረጃ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የምናስቀምጠው ለእናንተ ሊሸጥ ይችል የነበረ ምርት ነው። ለአመራሩ ደመወዝ የተጨመረ አይደለም፤ ይህን ያላችሁ ጥቂት ብትሆኑም ሳንመልስ ማለፍ አልቻልንም።

ዓርብ መላክ ማቆማችንም ከዚሁ ነው። ደረቅ በረዶው እየተነነ ቅዳሜና እሑድ ሣጥኑ መጋዘን ካደረ፣ ሰኞ የሚደርሳችሁ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ነገር ይሆናል። የክትባቱን ኃይል በሚያጎላ የአሉሚኒየም ጨው የተዘጋጁት ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጡ እንጂ ፈጽሞ አይቀዝቅዙ። አንዴ ከቀዘቀዙ አሉሚኒየሙ ይጓጉላል፣ ተናውጦ ሲቀመጥም ቶሎ ይዘቅጣል። ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ አርቁልን።

ጊዜውን ለማሳጠር ከእናንተ የሚረዳን ነገር አለ። የዲ ኤን ኤ ሳይሆን የአሚኖ አሲድ ተከታታይ ላኩልን፤ ኮዱን እኛ እንምረጥ። የትኛው እንስሳ ላይ እንደምትሞክሩ፣ ፕሮቲኑ ላይ የሂስቲዲን መያዣ (ለማጣራት የሚረዳ ጭራ) ወይም ፎልዶን (የፕሮቲኑን ክፍሎች አንድ ላይ የሚይዝ ቁራጭ) እንዲቀር ትፈልጉ እንደሆነ ከመጀመሪያው ንገሩን፤ እንስሳው በእነዚህም ላይ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያመርት የመመርመሪያ ሳህናችሁ ላይ ያው መያዣ ካለ ውጤታችሁን ያሳብጠዋል። ይህ በመጀመሪያው ቀን ከታወቀ ከ9ኙ ሳምንት ላይ ጥቂት ቀን መቀነስ እንችላለን፤ ከ2ቱ የመቆያ ሳምንታት ግን አንድም ቀን አንነካም።

ሥራቸው ከለውጡ በፊት የተጀመረ ደንበኞች በቀድሞው ክፍያ ይጨርሳሉ። በድርጅቱ ትንሽነት ጊዜ አምናችሁን የመጣችሁ ደግሞ ለሚቀጥሉት ሁለት ንድፎች የመቆያ ምርመራውን ወጪ ግማሽ እኛ እንችላለን። መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ፕላዝሚዳችሁንና ሙሉ መዝገቡን ሳናስቀር እናስረክባለን። ብትቆዩልን ግን ደስታችን ነው። የሳይንስ ኃላፊው ስልክ አልተቀየረም፤ ስለ ንድፋችሁ እንደ ቀድሞው ያነጋግራችኋል። የታገደ ባች ያላችሁ የጥራት ኃላፊውን በቀጥታ ጠይቁት፤ ጥሬ መረጃውን ከነግራፉ እንዲልክላችሁ ታዝዟል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤትና ዋና ሥራ አስኪያጅ