እማዬ፣ ጉልበትሽን አታስቀምጪው

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እዚህ አዲስ አበባ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት እህቴ ደውላ የነገረችኝ ግን ሐሳብ ላይ ጥሎኛል። ጉልበቴን ላሳርፍ ብለሽ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መሳለም ትተሻል አሉ። ቅዳሜ ገበያም ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ መደቡ ላይ ነሽ።

እማዬ፣ ጉልበት በመቀመጥ አይድንም፤ ይብስበታል እንጂ። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን በዕድሜ፣ በክብደት፣ በድሮ ጉዳትም እየሳሳ ይሄዳል። የሳሳውን የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው ግን የጭን ጡንቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ ከ70 ዓመት በኋላም ይጠነክራል። ሥራ ሲፈታ ይሰልላል፣ ሸክሙም ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» የምትይውን አልቀበልሽም።

ጠዋት ጠዋት ይህን አድርጊልኝ። ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። አንዱን እግርሽን ወደ ፊት ዘርግተሽ ጭንሽን ጠበቅ አድርጊው። ቀስ እያልሽ እስከ 5 ቁጠሪና መልሺው። 10 ጊዜ፣ ከዚያ ሌላኛውን እግር። ትንሽ ቢያምሽ አትፍሪ፤ ሕመሙ በማግስቱም ካልለቀቀሽ ግን ቀነስ አድርጊ።

የጎንደር መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ቁልቁለቱ ይብሳል። የሚያምሽ ቀኙ ስለሆነ ምርኩዙን በግራ እጅሽ ያዢ። ሰው ሁሉ በሚያመው በኩል ይይዘዋል፣ ልክ አይደለም። ደረጃ ስትወጪ ደህናውን እግር አስቀድሚ፣ ስትወርጂ የሚያመውን። ስለ ስግደቱ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ይፈቅዳል።

ያቺን አጭር በርጩማ ተያት። ቡናውን ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆነሽ አፍዪው፤ የወንበሩን ገንዘብ ለእህቴ ልኬያለሁ። ክብደትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። 1 ኪሎ ስትቀንሺ በየእርምጃው ጉልበትሽ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል።

አሁን በጣም የምለምንሽን ልንገርሽ። ጎረቤት የሚሰጡሽን ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን እባክሽ አትዋጪ። ከነጠላሽ ጫፍ ላይ ቋጥረሽ እንደምትይዢው አውቃለሁ። አንቺ የደም ግፊት አለብሽ፤ ይህ ክኒን ግፊት ይጨምራል፣ ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል። የሚቀባው ዓይነት የተሻለ ሊሆንልሽ ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቂው። ስትሄጂ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘሽ ሂጂ።

ጉልበትሽ በድንገት ካበጠ፣ ቀልቶ ከተኮሰ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም መርገጥ ካቃተሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂጂ፤ እኔንም በሌሊትም ቢሆን ደውለሽ ቀስቅሺኝ።

ናፋቂ ልጅሽ