የዶርም ቁጥር የለኝም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዲግሪዬን የያዝኩት ቀን እየሠራሁ፣ ማታ እየተማርኩ ነው። ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። በቅርቡ ከተማርኩበት ተቋም የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ ደረሰኝ። ስም፣ የምረቃ ዓመት፣ የትምህርት ክፍል። እስከዚህ ሰላም ነው። አራተኛው ላይ ቀጥ አልኩ፦ «የዶርም ክፍል ቁጥር»። ካልሞላሽው ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። «የለኝም» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር ብቻ ነው የምቀበለው አለኝ። ዜሮ አስገባሁ። አለፈ።

ሳቅኩ። ግን ያቺ ዜሮ ሰንብታም ከአእምሮዬ አልወጣ አለች።

ስለ ኮሌጅ ጓደኝነት ሲወራ ሁሌም የዶርም ወሬ ነው። ሌሊቱን ሲያወሩ አድረው ፈተና የወደቁት፣ አንድ ሸሚዝ ለሦስት ሲለብሱ የኖሩት፣ ኋላ በሠርግ ሚዜ፣ በሐዘን አጽናኝ የሆኑት። ደስ ይላል። እኛ የማታዎቹ ታዲያ እንዲህ ያለ ወዳጅ ያላፈራነው ለምንድን ነው? «ተግባቢ ስላልሆናችሁ» ያለኝ ሰው አለ። እኔ ግን ነገሩ የጠባይ ሳይሆን የሂሳብ ነው ባይ ነኝ።

ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ያህል፣ የልብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። ሥራ ላይ አብሮ መዋል ያን ያህል አይቆጠርም። ዋናው አብሮ መጫወቱ፣ ማውራቱ ነው። ዶርም ውስጥ በቀን አምስት ሰዓት የሚያወሩ ልጆች 200ውን በ40 ቀን ይሞሉታል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ማለት ነው።

አሁን የእኔን እንደምር። በሳምንት አራት ማታ እንማራለን። እረፍታችን 15 ደቂቃ ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሮጣል። በሳምንት አንድ ሰዓት ሆነ። በዓመት 32 ሳምንት፣ በስድስት ዓመት 192 ሰዓት። ያውም አንድ ማታ ሳልቀር፣ አጠገቤ ከምትቀመጠው ልጅ ጋር ብቻ ካወራሁ። የልብ ወዳጅ ልንሆን ስምንት ሰዓት ሲቀረን ጋዋን ለበስን።

ሰው ጓደኛውን የሚመርጥ ይመስለዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚመርጥለት የአልጋው አቀማመጥ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለባለትዳር ተማሪዎቹ ባዘጋጀው የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ አይተው ነበር። ከሁሉ በላይ የተወዳጁት የጎን ጎረቤቶች ነበሩ። በሮቹ እየራቁ ሲሄዱ ጓደኝነቱም እየሳሳ ሄደ። ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ነው እኮ።

ይህን ሁሉ የምለው ለማማረር አይደለም። እንዲያውም የአሁኑን ሥራዬን ያገኘሁት በማታ ትምህርት ነው፤ በዲግሪው ብቻ ሳይሆን በካልኩሌተር። አንድ ስልጠና ላይ አንድ ሰውዬ ትኩር ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ፋይናል ላይ ካልኩሌተር ያዋስሽኝ አንቺ አይደለሽ?» አለኝ። የኋላ ወንበር ልጅ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ከሃያ ቃል በላይ አልተለዋወጥንም። መሥሪያ ቤታቸው ክፍት ቦታ ሊያወጣ እንደሆነ ነገረኝ። አመለከትኩ፣ ተፈተንኩ፣ ገባሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠዋ ልጅ ለምን አልነገረችኝም? እሷም አታውቅማ! የምታውቀው እኔ የማውቀውን ነበር። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 የጻፈው ይህንኑ ነው። በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ሲጠይቅ፣ ወሬውን ያደረሳቸውን ሰው ቶሎ ቶሎ ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። 27.8 በመቶዎቹ በዓመት አንዴ ቢያገኙት ነው። አዲስ ወሬ ያለው ሩቅ ያለው ሰው ጋ ነው። (ከአንድ ግቢ ስለወጣ ብቻ ሰው መቅጠር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወሬ ማድረስና ወንበር መስጠት ለየቅል ናቸው።)

እንግዲህ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጥቅሙ እዚህ ጋ መሰለኝ። የዶርም ጓደኛሞች ማኅበር አያስፈልጋቸውም፤ ራሳቸው ይደዋወላሉ። ማኅበር የሚያስፈልገው የኋላ ወንበሩን ልጅ ስሙን እንኳ ሳላውቅ ለተመረቅሁት ለእኔ ነው። የደረሰኝ ቅጽ ግን በምን ሙያ ላይ እንዳለሁ፣ ማንን መርዳት እንደምችል አንድም ቦታ አይጠይቅም። የመጨረሻው ገጽ ግን የመዋጮ ነው። እርግጥ ነገሩ የቆየ ነው። በአሜሪካ ዊልያምስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1821 የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የተቋቋመው፣ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ተማሪዎች ይዞ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ እንዳይዘጋ ነበር። ከጥንቱም ተመራቂ የሚፈለገው ተቋሙ ሲቸግረው ነው። እሺ፣ እናዋጣ። በዚያው ግን ያስተዋውቁን እንጂ!

የማኅበሩና የተቋሙ ሰዎች ይህን ካነበቡ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የዶርሙን ጥያቄ አጥፉትና «አሁን ምን ትሠራለህ፣ ምን ትሠሪያለሽ?» በሉን። ሁለተኛ፣ አሁን በማታው ክፍለ ጊዜ ለሚማሩት ልጆች እረፍቷን ግማሽ ሰዓት አድርጉላቸው። ብዙ ወጪ የለውም።

በነገራችን ላይ፣ ቅጹን ከላክሁ በኋላ አጠገቤ ትቀመጥ ለነበረችው ልጅ ደወልኩላት። ከተመረቅን ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቁጥሯን አልቀየረችም። የ192ቱን ስሌት ስነግራት በሳቅ ሞተች። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። ሰባት ይቀረናል።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የማታ ተመራቂ