የጸደይ አበባ የሚተከለው በመፀው ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ቤት አትክልት የሚጻፉ ጽሑፎች በብዛት የሚወጡት ብርዱ አልፎ ሰው ወደ ግቢው መውጣት ሲጀምር ነው። «ጸደይ ገባ፤ ግቢዎን ያስውቡ» የሚል ርእስ ይወጣል። አንባቢም ችግኝ መሸጫ ሄዶ ያበበ ያበበውን መርጦ ይመለሳል፣ አበባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲረግፍም ግቢው የድሮው ይሆናል። አራቱ ወቅቶች በግልጽ በሚፈራረቁበት አገር የጸደይ ግቢ የሚሠራው ቅጠል በሚረግፍበት በመፀው ነው፤ የመፀው ግቢ ደግሞ የሚወሰነው በጸደይ ነው። ስለዚህ ምክሩ ስድስት ወር ቀድሞ ቢታተም አንባቢ ይጠቀምበታል። ለምን እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ወራት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሚሠሩ ናቸው፤ ከምድር ወገብ በስተደቡብ የሚኖር ስድስት ወር ያዛውራቸው።

በመጀመሪያ የቦታ ነገር። በሁለቱም ወቅቶች አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ግቢውን የሚያየው ባብዛኛው ከቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ስለዚህ ንድፍ የሚጀመረው ከአጥሩ ሳይሆን ከመስኮቱ ነው። ብዙ ጊዜ ከምትቀመጡበት መስኮትና ከመግቢያው በር ሆናችሁ ዓይን የሚያርፍበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ዋናው የአበባ መደብ እዚያ ይሁን። ስፋቱም ቢያንስ 1.5 ሜትር መሆን አለበት። አብዛኛው ሰው አጥሩን ተከትሎ 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠባብ መደብ ይቆፍራል። እዚያ ላይ ከፊት አጭር፣ ከመሀል መካከለኛ፣ ከኋላ ረጅም ተክል መደርደር አይቻልም፤ አንዱ ወቅት ሲያልፍ ሌላው የሚተካበት ቦታም አይኖርም። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚሄድበት ከሆነ 1.2 ሜትር፣ ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ 75 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ከዚያ ቋሚዎቹ ይመጣሉ፦ አንድ አነስተኛ ዛፍና ሦስት ያህል ቁጥቋጦ። እዚህ ላይ መስፈርቱ ጥብቅ ይሁን። ግቢው ትንሽ ከሆነ በሁለቱም ወቅቶች የሚታይ ነገር የሌለውን ዛፍ አትትከሉ። አሜላንኪየር በጸደይ ነጭ አበባ ያወጣል፣ በመፀው ደግሞ ቅጠሉ ወደ ብርቱካናማና ቀይ ይለወጣል። ብዙዎቹ የጌጥ ቼሪ ዛፎችም እንዲሁ ናቸው። ላይላክ ግን መዓዛው ምንም ቢያስደስት ሁለት ሦስት ሳምንት አብቦ ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ ተራ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፤ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው የተሻለ ነው። ዛፉን ስትተክሉ የሚታያችሁ ችግኙ ሳይሆን የዛሬ አሥር ዓመት የሚኖረው ስፋት ይሁን፤ 5 ሜትር የሚሰፋ ዛፍ ከቤቱ ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በጸደይ መጀመሪያ ግቢ የሚያደምቁት ክሮከስ፣ ዳፎዲልና ቱሊፕ እንደ ሽንኩርት ካለ ኮረት የሚበቅሉ ናቸው። ኮረቱ መሬት ውስጥ ቅዝቃዜ ማሳለፍ አለበት። ቱሊፕ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ካልቆየ ግንዱ ሳይረዝም ከቅጠሉ መካከል ተሸጉጦ ያብባል፣ አለዚያም ጭራሽ አያብብም። በጸደይ ኮረት ገዝቶ የሚተክል ሰው የሚያፍርበት ምክንያት ይኸው ነው። ብርዱ በማይከብድበት ቦታ ኮረቱን በወረቀት ከረጢት አድርጎ ለዚያን ያህል ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ነገር ግን ከፖምና ከሌላ ፍራፍሬ ጋር አንድ ላይ አይቀመጥ። የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ውስጥ ያለውን የአበባ እምቡጥ ይገድለዋል።

ዳፎዲል ሥር ለመስደድ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚፈልግ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይተከል። ቱሊፕን ግን እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ እንዲያውም እስከ ኅዳር ማቆየት ይሻላል። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ቅጠሉን የሚያጠማዝዝና ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣበት የፈንገስ በሽታ ይቀንሳል። በሽታው ከታየ ተክሉን ከነኮረቱ ነቅሎ መጣል፣ በዚያ ቦታም ለሦስት ዓመት ቱሊፕ አለመትከል ነው።

ጥልቀቱ የኮረቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ነው፦ ለቱሊፕና ለዳፎዲል 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለክሮከስ 8። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ኮረቶችን እንደ ወታደር በአንድ መስመር መደርደር ግን ግቢን ያሳንሳል። ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ ቆፍሩና 15 የቱሊፕ ኮረቶችን በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት አስቀምጡ። ግማሹን አፈር መልሳችሁ በላዩ ላይ 20 የክሮከስ ኮረት ጨምሩ፣ ከዚያ ሙሉውን ክደኑት። ክሮከሱ ቀድሞ ያብባል፤ እሱ ሲያበቃ ከሥሩ ያለው ቱሊፕ ይወጣል። እንዲህ ያለ ክምችት በሦስት ወይም በአምስት ቦታ ቢደገም መቶ ኮረት ተበትኖ ከሚታየው የበለጠ ያምራል።

ኮረት የሚገድለው ከብርድ ይልቅ ውሃ ነው። ከመትከላችሁ በፊት 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት፤ ከሰረገ በኋላ እንደገና ሙሉትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚወርድ በማስመሪያ ለኩ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ኮረቱ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው መፍትሔ ብሎ ከጉድጓዱ ሥር ጠጠር ይጨምራል፤ ይህ ስሕተት ነው። ጭቃማ አፈር ውስጥ ያለ ጠጠር የዙሪያውን ውሃ ሰብስቦ ጉድጓዱን ኩሬ ያደርገዋል። ትንሽ አሸዋ መቀላቀልም አፈሩን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም። የሚሠራው መደቡን ከመሬቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብስባሽም ከላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ማዋሐድ ነው። የአጥንት ዱቄት ጨምሩ የሚለውን የቆየ ምክር ተዉት፤ አፈሩ ፎስፈረስ እንደጎደለው በምርመራ ካልታወቀ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ሽታው ግን ውሻ ጠርቶ ያስቆፍራል።

አይጥና ሽኮኮ ቱሊፕና ክሮከስ ይወዳሉ። በተከላችሁበት ቦታ ላይ ቀዳዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ወንፊት አንጥፋችሁ በስስ አፈር ብትሸፍኑት ቡቃያው ያልፋል፣ ሽኮኮው ግን መቆፈር አይችልም። ዳፎዲልን አይነኩትም፤ መርዛማ ነው። ለሰውም፣ ለውሻና ለድመትም መርዝ ስለሆነ ኮረቱ ወጥ ቤት አካባቢ ከሽንኩርት ጋር አይቀመጥ።

አበባው ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙ ሰው የሚበድልበት ነው። የደረቀውን አበባ ቁረጡ፤ ቅጠሉን ግን ራሱ ቢጫ እስኪሆን ድረስ፣ ይኸውም ስድስት ሳምንት ያህል፣ አትንኩት። የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚዘጋጀው በዚያ ቅጠል ነው። ቅጠሉን ጠቅልሎ ማሰር ወይም እንደ ሹሩባ መጎንጎንም ብርሃን ስለሚከለክለው ያው መቁረጥ ነው። ለዓይን የማያምረውን ቅጠል መሸፈን የንድፍ ሥራ ነው፤ ዘግይተው የሚወጡ ቋሚ ተክሎችን፣ ለምሳሌ ዴይሊሊን፣ በጥላ ቦታ ደግሞ ሆስታን ከኮረቶቹ ፊትና መሀል ትከሉ። የእነሱ ቅጠል ሲዘረጋ የቱሊፑ ይሸፈናል። ዳፎዲል ከዓመት ዓመት እየተባዛ ይሄዳል፤ ትልልቅ አበባ ያላቸው ቱሊፖች ግን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ እየደከሙ ስለሚሄዱ በየጊዜው መተካታቸውን ቀድሞ ማሰብ ነው።

በመፀው ያለው ነገር ግልባጩ ነው። በመስከረም አብቦ የሚሸጥ ክሪሳንተመም ገዝቶ መሬት ውስጥ የሚተክል ሰው ብዙ ጊዜ በጸደይ አያገኘውም። ጉልበቱን ሁሉ በአበባ ላይ ስላዋለ መሬቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ሥር አይሰድም፣ ከዚያም አፈሩ እየቀዘቀዘና እየቀለጠ ሲነሣና ሲወርድ ከመሬት ገፍቶ ያወጣዋል። ያበበውን ለበራፍ ማሰሮ አድርጉት። ለመደቡ ግን ብርድ የሚችለውን ዓይነት መርጣችሁ በጸደይ ትከሉ። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንጥቡት፤ በየሦስት ሳምንቱ እየደገማችሁ በሰኔ መጨረሻ አቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚቀነጠበው እምቡጡ ነው። ክሪሳንተመም የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ስለሆነ የመንገድ መብራት ሌሊቱን ሙሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከሆነ አበባው ይዘገያል ወይም ይቀራል። ማዳበሪያ እየጨመሩ «ለምን አላበበም» የሚሉ ሰዎች ቀና ብለው አምፖሉን ቢያዩ ይሻላቸዋል።

አስተር የተባለው የመፀው አበባ ከታች ያለው ቅጠሉ በመፀው ስለሚደርቅ ከፊቱ አጠር ያለ ተክል ይፈልጋል። ተጠጋግቶ ሲተከል ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ይወጣበታል፤ ስለዚህ በመካከሉ 60 ሴንቲ ሜትር ይተውለት፣ ውሃውም ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ይሰጠው። ሲደም የተባለው ቅጠለ ወፍራም ተክል በተቃራኒው ችላ ሲባል ያምራል። ጥላ ወይም ብዙ ማዳበሪያ ካገኘ ከመሀሉ ተሰንጥቆ ይወድቃል፤ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፣ በግንቦት መጨረሻም ቁመቱን በሲሶ ወይም በግማሽ ቁረጡት። አበባው ትንሽ ይዘገያል፣ ግንዱ ግን ይጸናል።

ለመፀው ግቢ ከአበባ በላይ የሚሠራው ረጃጅም የጌጥ ሣር ይመስለኛል። በዚህ ወቅት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትወጣና ስለምትገባ ብርሃኗ በሣሩ ራስ ውስጥ ያልፋል። ማታ ማታ ከምትቀመጡበት በስተምዕራብ ቢተከል ፀሐይ ስትገባ ሲያበራ ታያላችሁ፤ በስተምሥራቅ ቢሆን ደግሞ ይህ የሚታየው ጠዋት ነው። ሚስካንተስ የተባለው ሣር 2 ሜትር ስለሚደርስ ከኋላ ይቀመጥ። በአንዳንድ አካባቢ ዘሩ እየተበተነ አረም ስለሚሆን ዘር የማያፈራውን ዓይነት ጠይቁ። ብርዱን እንደቆመ ያሳልፍና አዲስ ቡቃያ ሳያወጣ በየካቲት ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁረጡት። በዙሪያው ክሮከስና ዳፎዲል ከተተከለ ሣሩ ተቆርጦ ባዶ በሆነበት ጊዜ እነሱ ያብባሉ፤ ሣሩ ሲያድግ ደግሞ የሚደርቅ ቅጠላቸውን ይሸፍናል። አንድ መደብ ለሁለት ወቅት ማለት ይህ ነው።

ስለ ቅጠል ቀለምም ጥቂት ልበል። ቢጫው ቀለም ድሮም ቅጠሉ ውስጥ የነበረ ሲሆን አረንጓዴው ሲጠፋ ይገለጣል፤ ቀዩ ግን በብዙ ዛፎች ላይ ያኔ የሚሠራ ነው። ለዚያም ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ያልደረሰ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በቅጠሉ ቅላት የታወቀ ሜፕል ጥላ ውስጥ ተተክሎ ቢጫ ቢሆን ሻጩ አታለለኝ አያሰኝም። በሙቀቱ ወራት መጨረሻ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ መስጠትም ለስላሳ ቡቃያ አስወጥቶ ለውርጭ ይዳርጋል።

መግረዝን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፤ ስሕተቱ ግን በየዓመቱ ይደገማል። ላይላክና ፎርሲቲያ የጸደይ እምቡጣቸውን የሚይዙት ባለፈው የሙቀት ወቅት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። በመፀው «ላስተካክል» ብሎ የሚገርዛቸው ሰው አበባውን ቆርጦ ይጥላል። የሚገረዙት አብበው እንዳበቁ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። ዘግይቶ የሚያብበውና አበባው ሾጠጥ ያለው የሃይድራንጃ ዓይነት ግን በአዲስ ቡቃያ ላይ ስለሚያብብ በብርዱ መጨረሻ ይገረዛል።

የረገፈ ቅጠል ሣር ሜዳ ላይ ሲከመር ሣሩን ያፍነዋል፤ በማጨጃው ፈጭታችሁ መደቡ ላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አድርጉት፣ ከግንዱ ግን ፈቀቅ ይበል። ለማሰሮ ፓንሲና የጌጥ ጎመን ይበቃሉ። ጎመኑ ቀለሙን የሚያወጣው ቅዝቃዜ ሲያገኘው ስለሆነ ገና በሙቀት አረንጓዴ ሆኖ ቢታያችሁ አትጣሉት።

በመጨረሻ፣ በጸደይ መደቡ ሙሉ አበባ ሳለ ከዚያው መስኮት ሆናችሁ ፎቶ አንሡ፤ ክፍት የቀረውን ቦታም በእንጨት ችካል ምልክት አድርጉ። በመፀው ኮረት ለመጨመር ስትቆፍሩ መሬቱ ላይ ምንም ስለማይታይ ያለ ፎቶና ያለ ችካል የሚቆፍር አካፋ መጀመሪያ የሚያገኘው የአምናውን ኮረት ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የአትክልት ባለሙያ አንባቢያችሁ