ለልጄ፦ ያን ሰደፍ አትፋቂው

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን ፎቶዎች እያጎላሁ ደጋግሜ አየኋቸው። ፈቃድሽን አውጥተሽ፣ ገንዘብሽን አጠራቅመሽ የገዛሽው የመጀመሪያ ጠመንጃሽ የድሮው የሩሲያ ጦር ጠመንጃ ሞሲን ናጋንት በመሆኑ በጣም ደስ ብሎኛል። ከፎቶዎቹ ሥር «አባዬ፣ ቅዳሜ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባው ነው» ብለሽ የጻፍሽው ግን አስደነገጠኝ። ይህ ደብዳቤ ከቅዳሜ በፊት እጅሽ ይግባ። እባክሽ አትፋቂው።

እኔ ፍቄ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ጠመንጃዬ ማውዘር ነበር። ሰደፉ ላይ ማኅተሞች፣ ቁጥሮች፣ አንድ ወታደር በስለት የፈለፈላቸው ሁለት ፊደላት ነበሩበት። እኔን ቆሻሻ መሰሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ፋቅሁ፣ ቫርኒሽ ቀባሁ፣ እንደ መስታወት አብለጨለጭሁት። ያየው ሁሉ አማረልህ አለኝ። ቆይቶ ማኅተም ማንበብ ስማር፣ ያ ጠመንጃ የት እንደተሠራ፣ ማን እንደፈተሸው፣ የት እንደዋለ የሚነግረኝን ሁሉ በገዛ እጄ ጠርጌ እንደጣልሁት ገባኝ። እነዚያን ሁለት ፊደላት እስካሁን ለማስታወስ እሞክራለሁ። አይመጡልኝም።

ያንቺው ግን ገና ይናገራል። ብረቱ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቀስት አለ፤ የሩሲያው የኢዥቭስክ ፋብሪካ ምልክት ነው። የሌላው የሩሲያ ፋብሪካ፣ የቱላ ቢሆን ቀስቱ ኮከብ ውስጥ ይሆን ነበር። ዓመቱ 1942 ይላል፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሞ ነበር፤ ፋብሪካው ብረት የሚያለሰልስበት ጊዜ አልነበረውም። «ሻካራ ነው» ብለሽ ያዘንሽበት ጭረት የዚያ ጥድፊያ አሻራ ነው። እኔ ከለስላሳው ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። ያቺ በውስጧ ሰያፍ መስመር ያለባት ትንሽ ሳጥን ደግሞ ጠመንጃው በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት መታደሱን ትናገራለች። መዝጊያው ላይ የድሮው ቁጥር ተሰርዞ አዲስ የተጻፈበትም ለዚህ ነው። በእድሳቱ ጊዜ የሌላ ጠመንጃ መዝጊያ ገጥመውለታል።

ምልክት ማንበብ ለታሪክ ብቻ አይምሰልሽ። ሕይወትም ያድናል። የአሜሪካውን ስፕሪንግፊልድ 1903 ውሰጂ። የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑትን ሲሠራ፣ ሠራተኞቹ የብረቱን ግለት የሚለኩት በዓይናቸው፣ ቀለሙን እያዩ ነበር። ፀሐያማ ቀን ላይ የጋለ ብረት ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ከልክ በላይ ያግሉታል። አንዳንዱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆኖ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1918 አሠራሩን ቀየሩት። ከላይ ስታያቸው ሁሉም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ቁጥሩ ነው።

ያንቺም መዝጊያ እንግዳ ስለሆነ ሳይለካ እንዳትተኩሺበት። መዝጊያው ሲቆለፍ በፊቱና በጥይቱ መካከል የሚተርፈው ክፍተት ከልክ ካለፈ፣ ቀለሁ ተቀዶ የሚፋጅ ጋዝ ወደ ፊትሽ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ የተሠሩ ሁለት የብረት መለኪያዎች አሉ። በአንደኛው ላይ መዝጊያው መዘጋት አለበት፤ በሁለተኛው ላይ መዘጋት የለበትም። በቃ ይኸው ነው። እኔ ጋ አሉ።

እስከዚያ እንዳይዝግ የተቀባውን አሮጌ ግራሶ አጽጂ። መጀመሪያ ግን ጥይት አለመጉረሱን በዓይንሽም በጣትሽም አረጋግጪ። ብረቱን ፈታተሽ አየር በሚገባበት ቦታ በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢው። ቤንዚን ግን በፍጹም አትጠቀሚ። ከሁሉ በላይ ጥይት የሚጎርስበትን ጉሮሮ አደራ። እዚያ የደረቀ ግራሶ ከቀረ፣ ጠመንጃው ሲግል ቀለሁ ይጣበቃል፣ መዝጊያው አልከፈት ይላል። ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ በመዶሻ ይደበድበዋል። ያልታጠበ ብቻ ነው።

እንጨቱን ሞቅ አድርገሽ የሚያልበውን ቅባት በጨርቅ ጥረጊው። ቀላ ያለው ሽፋን ሼላክ የሚባል የእንጨት ቅብ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል፣ ስለዚህ አልኮል አታስነኪው። የተሰረጎደ ቦታ ካለ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገሽ ካውያ ብታሳርፊበት እንፋሎቱ እንጨቱን ያነሳዋል። ሼላኩን ግን ሊያነጣው ይችላልና ለባዶ እንጨት ብቻ ይሁን። ማኅተም አጠገብም እንዳትሞክሪው፤ ማኅተሙም የተሰረጎደ እንጨት ስለሆነ አብሮ ይነሳል። ለሌሎች ጠመንጃዎች የተልባ ዘይት ስትቀቢ ደግሞ ጨርቁን ጠቅልለሽ አትጣይው። በራሱ ግሎ እሳት ይነሳል። ዘርግተሽ አድርቂው።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ። የገዛሽው አሮጌ የወታደር ጥይት በቀለሁ ቂጥ ያለችው ማቀጣጠያ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲተኮስ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል። ይህ የገበታ ጨው ዘመድ ነው። በአፈሙዙ ቱቦ ውስጥ ሁሉ ይረጫል። ከዚያ እርጥበት ከአየር እየሳበ ብረቱን ያዝገዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ቀን ተኩሼ በዘይት ብቻ ወልውዬ አስቀመጥሁት። በሳምንቱ ቱቦው ውስጥ ስመለከት ቀይ ነበር። ያ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ ብረት ዳግም አልዳነም።

ጨው የሚያሟሟው ውኃ ነው። ስለዚህ ተኩሰሽ እንደተመለሽ በዚያው ቀን፣ መዝጊያውን አውጥተሽ የፈላ ውኃ ከኋላ በማጥለያ አፍስሺበት። ብረቱ ስለሚግል ቶሎ ይደርቃል። የመዝጊያውንም ፊት እጠቢው። ደርቆ ሲያልቅ ነው ዘይት የሚቀባው። የመወልወያውን ዘንግ ከአፈሙዙ በኩል ሳይሆን ከኋላ አስገቢ። የብዙ ጠመንጃ አፈሙዝ የተበላው በጥይት ሳይሆን በዘንግ ነው።

ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ጥይቱ ከኢላማው ወዲያ ቢሄድብሽ ማነጣጠሪያውን አትሞርጂ። እነዚህ ጠመንጃዎች የተስተካከሉት ሳንጃ ተሰክቶባቸው ነው። ሳንጃውን ስታወልቂው ምቱ ቦታውን ይቀይራል። ቃታ ስበሽ ካልፈነዳ አፈሙዙን ወደ ኢላማው አድርገሽ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፤ አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ አነስ ብሎ ከተሰማሽ ደግሞ ሌላ አታጉርሺ። የጥይቱ እርሳስ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል።

ስትመጪ መለኪያዎቹን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ። ከልክ ከሆነ አብረን እንተኩሳለን። ሰደፉን እንዳለ አምጪልኝ። በግራ በኩል በፎቶው አጥርቼ ያላነበብሁት አንድ ማኅተም አለ። ሳንጃውንም እንዳትረሺ።

አባትሽ