ለሰፈራችን ሚኒ ጎልፍ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የእድራችን አባላት፣ በስቶክሆልምና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖች፣

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው ሚኒ ጎልፍ (ትንሽ ኳስ በመምቻ እየመቱ ጉድጓድ የሚከቱበት መጫወቻ) በሩ ላይ ሰንሰለት ከገባበት ሁለት በጋ አለፈ። ከስዊድናውያን ጎረቤቶቻችን ጋር የመሠረትነው የሰፈር ማህበር አድሶ እንዲይዘው ባለንብረቱ በቅርቡ ፈቅዷል። ደስ ብሎናል፤ ገንዘቡ ግን የለንም።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ብዙዎቻችሁ «ያው ቀለም ቀብቶ መክፈት አይበቃም?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። አይበቃም። የቆየው ባና (ኳሱ የሚመታበት መንገድ ነው፤ እኛም እንደ ስዊድኖቹ ባና ማለት ለምደናል) ኤተርኒት የሚሉት ዓይነት ነው፦ 6.25 ሜትር ርዝመት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ የሲሚንቶ ሰሌዳ የተነጠፈበት። መርገጥ የተከለከለበት ይኼኛው ነው፤ ልጆቻችሁ ስንት ጊዜ እንደተገሠጹበት ታውቃላችሁ። የድሮ ኤተርኒት አስቤስቶስ አለበት። ሳይነካ ተኝቶ እስካለ ብዙ አያሰጋም፤ ሲሰበርና ሲፋቅ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ለመርዳት ብላችሁም ቢሆን ማንም መዶሻ ይዞ እንዳይሄድ። የሚያነሳው ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው፤ ከምንሰበስበው ገንዘብ ትልቁን የሚወስደውም ይኸው ነው።

በምትኩ ምን ይሠራ በሚለው ላይ ሦስት ስብሰባ ፈጅተናል። አንዳንዶቻችን ቤቶን ፈልገን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ፖል ቦንኚ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አስኮና ላይ የከፈተው ዓይነት ነው፤ ባናው 12 ሜትር የሚረዝም አርማታ ነው፣ ላዩ ላይ ቆመው ይመቱበታል። ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን አንዴ ተበላሽቶ ከፈሰሰ ማን ያቃናዋል? ልጆቹ ድምፅ ቢሰጡ ኖሮ የሚያሸንፈው ሰው ሠራሽ ሣር፣ ድንጋይና ፏፏቴ ያለው፣ አሜሪካ ሜርትል ቢች ዳር ዳር የሞላው ዓይነት ነበር። የፓምፑን የመብራት ሂሳብ ለልጆቹ አላሳየናቸውም።

የተስማማነው በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ጨርቅ በሚነጠፍበት በስዊድኖቹ ዓይነት ነው። እዚህ አገር ሚኒ ጎልፍን ያስፋፉት፣ አሜሪካ ቆይተው የተመለሱት የኖርማን ወንድማማቾች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ኩባንያ አቋቁመው ባና መሥራት ጀመሩ። ከስደት ሲመለሱ ጨዋታ ይዘው የመጡ ሰዎች መሆናቸው ደስ ይለናል። ዋናው ምክንያታችን ግን አናጢዎች ስላሉን ነው። ክፈፉን መቁረጥ፣ መግጠም፣ ቀለም መቀባት በደቦ የሚያልቅ ሥራ ነው። የበሰበሰ እንጨትም ነቅሎ መተካት ይቻላል።

ጨዋታው ለሁሉም ይሆናል። በስድስት ምት ጉድጓድ ያልገባለት ሰው ሰባት ተጽፎለት ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ስለዚህ አያትና የልጅ ልጅ እኩል ይዞራሉ። አንድ አባታችን ኳሷን «ሩር» እያሉ ነው የሚመቱት፤ ስዊድናዊው ጎረቤታቸውም አሁን ሩር ማለት ጀምሯል።

የምንጠይቀው ከአንድ ቤተሰብ 300 ክሮኖር ነው። ያልቻለ ያለውን ይስጥ፤ የቻለ የአንድ ባና ጨርቅ ይግዛ፣ 18 ባና አለን። የስዊሹን (በስልክ ገንዘብ መላኪያውን) ቁጥር ከእድሩ ገንዘብ ያዥ ውሰዱ፤ ደረሰኝ ይሰጣችኋል፣ ወጪና ገቢውም በየወሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። ገንዘብ የሌላችሁ መጋዝ፣ መሰርሰሪያ ወይም ተጎታች ያለው መኪና ካላችሁ ንገሩን። የመምቻ እጥረትም አለብን፤ በተለይ የልጆች አጭር መምቻ።

ሰሌዳው ተነስቶ ቦታው ከጸዳ በኋላ ደቦው ከፋሲካ ማግስት ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ይሆናል፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ። ጓንት ይዛችሁ ኑ። ቡናና ዳቦ ከእኛ ነው።

አስተባባሪ ኮሚቴው